ከደሙ በላይ የተለጠፈው ወርቅ

ማስትሮ ቦርቶሎ የተገደለው በገዛ መጁ ነው። ቀለም የሚደቁስበት፣ «ከግብጽ ምድር የመጣ» እያለ ለመጣ ለሄደው የሚያሳየው ጥቁር ቀይ ድንጋይ የቀኝ ጆሮውን ይዞ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንዴ ብቻም አልተመታ። የመጀመሪያው ምት ጣለው፣ የቀሩት ለንዴት የተጨመሩ ናቸው። አፉ እንደተከፈተ ቀርቶ፣ ጥርሶቹ ወለሉ ላይ ተበትነው፣ ደሙ ከሥዕሉ ሳንቃ ሥር እስከ በሩ ሄዶ ረግቷል።

መርማሪው ሜሴር ቪዳል ጉልበቱን እያንቋቋ ተንበረከከ። በመርከብ ላይ ሲዋጋ አንድ ጆሮውን ቱርኮች ወስደውበታል። በቀረው ጆሮ ግን ሰው ያላለውን ሁሉ ይሰማል እየተባለ በቬኒስ ይታማል።

«ብዙም አይድከሙ ጌታዬ» አለ ዘበኛው ዞርዚ ከበሩ ላይ ሆኖ። «ገዳዩ ተይዟል። እዚሁ የሚሠራው የቀርጤሱ ግሪክ ነው፣ ማኖሊስ። ጎረቤቱ ጠዋት ከአልጋው ጎትቶ አወጣው። ዳኞቹ በገመድ ሰቅለው ሲለቁት ሁሉንም አመነ። ነገ ሲነጋ በአደባባዩ ሁለት ዓምዶች መካከል ይንጠለጠላል። እርስዎ የምስክሮቹን ቃል ብቻ ይዘው ይምጡ ብለዋል።»

«እጁን ወደ ኋላ አስረው ነው የሰቀሉት?»

«እንደ ወጉ።»

«እንደ ወጉ ቢሰቅሉኝ እኔም ቦርቶሎን ገድያለሁ እል ነበር። አንተስ?»

ዞርዚ ጫማውን አየ።

ቪዳል ፊቱን ወደ ሳንቃው መለሰ። ሰው የሚያክል ሳንቃ ነው። ነጭ ጀሶ ተቀብቶ እመቤታችን ከነልጇ በከሰል ተነድፋበታለች። ፊቷ ገና ቀለም አልነካውም። በግሪኮቹ አሠራር ወርቅ ይቀድማል፣ ቀለም ይከተላል፤ ስለዚህ በራሷ ዙሪያ ያለው የብርሃን አክሊል ብቻ ነው ወርቅ የለበሰው። ከሬሳው የተረጨው ደም በነጩ ጀሶ ላይ ከታች ወደ ላይ ሰያፍ መስመር ሠርቶ፣ እንደ ተበጠሰ መቁጠሪያ ጠብ ጠብ እያለ ወጥቶ እስከ አክሊሉ ጠርዝ ደርሷል። እዚያ ሲደርስ ግን ጠፋ። ወርቁ ላይ አንድ ጠብታ የለም።

ቪዳል አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ቀረበ። ወርቁ ተጨማድዷል፣ እዚህም እዚያም ተቀዶ በቁራጭ ተደፍኗል።

«መስኮቱን ማን ከፈተው?»

«ስንገባም ብርግድግድ ብሎ ነበር። ትናንትና ቀኑን ሙሉ ያ የባሕር ነፋስ አይደል ሲያቃጥለን የዋለው?»

መርማሪው የሟቹን ዓይን ከድኖ ወደ ማድ ቤት ገባ።

ኦርሶላ፣ የሟቹ ሚስት፣ ሰርዲን እየጠበሰች ከሽንኩርትና ከኮምጣጤ ጋር ትደረድር ነበር። «የሚቀብሩት ሰዎች ይበላሉ። ምን ላድርግ» አለች ቀና ሳትል።

«እመቤት ኦርሶላ፣ ባልዎን ማን ይጠላው ነበር?»

«ማን ይወደው ነበር ብለው ቢጠይቁኝ ቶሎ በጨረስን።» እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችው። ቆዳው ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ተኮማትሯል። «የፈላ ሙጫ ነው። ሾርባው ጨው አንሶት ነበር።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ሙራኖ፣ እህቴ ዘንድ። ወልዳለች። የመጣሁት ዛሬ ጠዋት በአትክልት ጀልባ ነው፣ ጀልባ ቀዛፊውን ይጠይቁት። ወሬኛ ነው፣ ሳይጠይቁትም ይነግርዎታል።»

«ሠራተኞቹስ?»

«ሁሉም ቂም አላቸው። ዮስን፣ የፍላንድሩን፣ አፍንጫውን ሰብሮታል። ማኖሊስን በየቀኑ መናፍቅ እያለ ይሰድበው ነበር። ትናንትም እኔ ስወጣ ይጯጯሁ ነበር፤ ባሌ ‹ዛሬ ወርቁን ለጥፍ› ይላል፣ እሱ ‹ዛሬ አይሆንም› ይላል። ሎዶቪኮን ደግሞ...» ሰርዲኑን ገለበጠችው። «ለመርከብ አዛዦቹ ማኅበር ማርያምን የሣላት እሱ ነበር። አሮጌው አዛዥ መጥቶ አያትና ሳቀ። ‹ይህቺ ዓሣ ሻጯ ቤታ አይደለችም እንዴ? ማዕበል ሲመጣብኝ ቤታን ልጥራ?› አለ። ቦርቶሎ መፋቂያ ብረቱን አንሥቶ በሰው ሁሉ ፊት ፊቷን ገሸለጠው። ‹የሚሰግዱላት ማርያም ግሪኩ ዘንድ ናት፣ እሱ ይሥራት› አለ።»

«ሎዶቪኮ ምን አለ?»

«ሳቀ። ‹ሌላ እሠራለሁ› ብሎ እያፏጨ ወደ ፎቁ ወጣ። ልጁ ቁጣ የለውም።»

ዮስ ጓሮ ውስጥ የተልባ ዘይት ያፈላ ነበር። ወፍራም፣ ጠጉሩ እንደ ገለባ የነጣ፣ አፍንጫው ወደ ግራ የዞረ ሰው ነው። ከንፈሩ ላይ አዲስ ቁስል አለ።

«ይሄንን ማን አደረገህ?»

«ትናንት ማታ የጀርመኖቹ መጠጥ ቤት ስዘፍን ነበር፣ ጌታዬ። ዘፈኔን አልወደዱትም። ቦዩ ውስጥ ጣሉኝ። ያወጡኝም እነሱ ናቸው፣ ተመልሼም ዘፈንኩላቸው። ከቀትር ጀምሮ እስኪነጋ ያላየኝ ጀርመን የለም።»

«ቦርቶሎ አፍንጫህን ሰብሮት ለምን ከቤቱ አልወጣህም?»

«ሥራ ስለነበረው። ሰውየው ክፉ ነው፣ ዓይን ግን ነበረው። ግሪኩ መንግሥተ ሰማያትን ይሥላል፣ የፍሎሬንሳ ሰዎች አዳራሹን ይሥላሉ፣ እኛ ፍላንድሮች ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ትንኝ። ቦርቶሎ ሦስቱንም በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበ። ከደማስቆ በመጣ ጨርቅ ላይ ያየውን የዓረብ ጽሕፈት እንኳ እየገለበጠ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ ጠርዝ ይሠራበት ነበር። ምን እንደሚል አንዳችንም አናውቅም። ምናልባት የጨርቅ ሻጩ ስም ይሆናል።»

ቪዳል ሳቀ። «ወርቅ የሚለጥፈው ማነው?»

«ማኖሊስ ብቻ። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሎዶቪኮማ በስሙ አይጥሩበት። ‹ወርቅን በቢጫ ቀለም መሣል ያቃተው ነው ወርቅ የሚለጥፈው፣ እኔ በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም› ይላል። ያስተማርኩትን ዘይት ቀለም ይዞ አሁን እኔንም ይንቀኛል።»

«ይሄ ዘይት ቀለማችሁ መቼ ነው የሚደርቀው?»

«የግሪኩ በእንቁላል አስኳል ነው፤ ብሩሹን ሳያነሣ ይደርቃል። የእኛ ግን ሲፈልግ ነው። ቀናት ይፈጃል። ትንኝ ከወደቀችበት አብረን ቀብተን እንሸጣታለን።»

ሎዶቪኮ ፎቅ ላይ፣ በሩን ዘግቶ፣ የአንድ ሐር ነጋዴ መልክ ይሥላል። ጥቁር የሐር ካባ ለብሶ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ፊቱ ሕያው ከመሆኑ የተነሣ ቪዳል ሰላምታ ሊሰጠው ምንም አልቀረው። ወጣቱ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት።

«ይቀመጡ ጌታዬ። ጉልበትዎን እያመመዎት ነው።»

«ዓይን አለህ።»

«የእኔ ሥራ እሱ ነው።»

«እንግዲያው ትናንት ያየኸውን ንገረኝ።»

«የማታ ጸሎት ደወል ሲደወል ዘይት አለቀብኝና ወረድኩ። ዘይቱ ደረጃው ሥር ነው የሚቀመጠው። የታችኛው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ማኖሊስ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ አክሊሉ ላይ ወርቅ ይለጥፋል፣ እየለጠፈም ይሳደባል። ማስትሮ ከኋላው ቆመው ነበር።»

«ምን እያለ ይሳደባል?»

«‹የላቲን ውሻ፣ በዚህ ድንጋይ ራስህን ባልፈጠፍጠው› እያለ። ድምፁ እስከ ደረጃው ይሰማል።»

«መስኮቱ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ?»

«ክፍት ነው እንጂ። በዚያ ሙቀት ማን ይዘጋል? ነፋሱ የማኖሊስን ጠጉር ሲያነሣው አይቻለሁ።»

«ወደ ክፍሉ አልገባህም?»

«ምን ብዬ? ዘይቴን ይዤ ወጣሁ። እስኪመሽ ይሄን ካባ ስቀባ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ታች አልወረድኩም። ብወርድ ኖሮ...» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አባቴ ማለት ነበሩ።»

ቪዳል ካባውን ደግሞ አየ። ካባው ገና እርጥብ ነው፣ እንደ ወንዝ ዳር ጭቃ ያብረቀርቃል። አመስግኖ ወረደ።

በወህኒ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯ ተፈንክቶ ደሙ ቅንድቧ ላይ ደርቋል። ልጆች ድንጋይ ሊወረውሩባት ሲያነጣጥሩ ቪዳል በበትሩ በተናቸው።

«የማኖሊስ ሚስት ነሽ?»

«ካሊ እባላለሁ። ነገ ይሰቀላል አሉኝ።»

«በገመድ ሲሰቅሉት አምኗል።»

«ጌታዬ፣ እኔም ምጥ ሲይዘኝ ‹ልጁን አልፈልገውም› ብያለሁ። ሰው ሲያመው ያለው ይቆጠራል?»

ቪዳል በበትሩ ተደግፎ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ትናንት ባልሽ መቼ ቤት ገባ?»

«ከማታ ጸሎት በፊት። ‹ዛሬ ነፋስ ነው፣ ከወርቁ ሥር የሚሆነውን ቀይ ሸክላ ብቻ ቀብቼ መጣሁ› አለኝ። እኔ ሚስቱ ነኝ፣ ማን ያምነኛል?»

ማኖሊስ ግዙፍ ሰው ነው፤ ግን ትከሻዎቹ ከቦታቸው ወጥተው ተመልሰው ሁለቱም እጆቹ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ ወድቀዋል። ከንፈሩ ተተርትሯል። ቪዳል ዞርዚን ልኮ ያስመጣውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፦ ቀይ ሸክላ የተቀባ ትንሽ ሳንቃ፣ ውኃ፣ ጥቂት ስስ የወርቅ ቅጠል፣ ለስላሳ ብሩሽ።

«አንዲት ቅጠል ለጥፍልኝ።»

«ትቀልዳለህ?» አለ ማኖሊስ። «ነገ ልትሰቅሉኝ ዛሬ ልትማሩብኝ?»

«አዎ። ነገ ከተሰቀልክ አታስተምረኝም።»

ግሪኩ ተነሣ። ወደ ጠረጴዛው ግን አልሄደም። እየተንገዳገደ ወደ ጠባቧ መስኮት ሄዶ፣ ክንዱ አልነሣ ቢለው መዝጊያዋን በግንባሩ ገፍቶ ዘጋት። ተመልሶ ተቀመጠ። ዞርዚ «ግንባሩን ተመልከቱት» ብሎ መሳቅ ሲጀምር፣ ማኖሊስ ምላሱን ጠቅ አድርጎ ዝም አሰኘው። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ወዝ እንዲይዝለት ብሩሹን ጉንጩ ላይ አሽቶ፣ ቅጠሏን አነሣት። ደረቱ አይነሣም፣ አይወርድም። ወርቋ ሸክላው ላይ እስክታርፍ ድረስ አልተነፈሰም።

«ለምን ዝም አሰኘኸው?» አለ ቪዳል።

«ሳቁ ቅጠሉን ይወስደዋል። የምላስህ ነፋስ ይበቃዋል። አባቴ ወርቅ ይዤ ባወራ አፌን በጥፊ ይለኝ ነበር፣ የእሱም አባት እሱን። የሚያወራ ሰው ወርቅ አይለጥፍም።»

ቪዳል ተነሣ። «ነገ ሲነጋ ሳይሆን ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትወጣለህ፤ ወይ ወደ ቤትህ፣ ወይ ከእኔ ጋር ወደ ዓምዶቹ። ሥራዬን አብሬ ነው የማስይዘው።»

ከቀትር በኋላ ሁሉም ታችኛው ክፍል ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል፣ ደሙ ግን እዚያው ነው። ከዳኞቹ አንዱ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ተቀምጧል። ኦርሶላ፣ ዮስና ሎዶቪኮ ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። ማኖሊስ ከነሰንሰለቱ፣ ካሊ ከጎኑ ናት። ቪዳል ሁለት እርጥብ የዘይት ሥዕሎች፣ አንዱን ከፎቁ ሌላውን ከጓሮው፣ አስመጥቶ በጨርቅ ሸፍኖ አቁሟል። ከውጭ ሕዝቡ «ግሪኩን ስጡን» እያለ በሩን ይደበድባል።

«ያመነን ሰው እንደገና ምን ያስመረምራል?» አለ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ እዩት ይሄን መስመር።» ቪዳል በነጩ ጀሶ ላይ የተረጨውን ደም በጣቱ ተከተለው። «ቦርቶሎ ሲመታ ደሙ ወደ ላይ ተረጨ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ብሎ አክሊሉ ጋ ደረሰና ቆመ። ደም በሰው ትእዛዝ አይቆምም። ሳንቃው ላይ እስከዚህ ከመጣ የት ገባ?»

በጩቤው ጫፍ ወርቁን በመስመሩ አቅጣጫ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ ቀይ ሸክላ ወጣ፤ በሸክላው ላይ ጥቁር የረጋ ጠብታ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

«ደሙ ከወርቁ በታች ነው። መጀመሪያ ግድያው፣ ቀጥሎ ወርቁ። ገዳዩ ይሄን አላየም፤ ሸክላው ቀይ ነው፣ ደሙም ቀይ ነው። ነጩ ላይ ያለውን አየ፣ ያ ግን ግድያውን እንጂ ገዳዩን ስለማይናገር አላስጨነቀውም።»

«ታዲያ ግሪኩ ገድሎት ሥራውን ጨረሰ» አለ ዳኛው።

«ሬሳ እግሩ ሥር ተጋድሞ? ለማን ብሎ? ማኖሊስ ‹ነፋስ ስለሆነ ሳልለጥፍ ሄድኩ› ብሏል። ወርቁ ባይለጠፍ ኖሮ ቃሉ እውነት ይሆን ነበር። ወርቁ ከተለጠፈ ግን፣ በዚህ ቤት ወርቅ የሚለጥፈው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ማታ እዚህ ነበረ ማለት ነው። እንግዲህ ወርቁ የተለጠፈው ለእመቤታችን አይደለም። ለማኖሊስ አንገት ነው።»

ማኖሊስ አንገቱን አዘነበለ፤ ወርቁን ያየው ገና አሁን ነበር።

«ሎዶቪኮ» አለ ቪዳል። «ያየኸውን ለዳኛው ድገምለት። ማኖሊስ በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ በዚያ ነፋስ፣ እየጮኸ እየተሳደበ ወርቅ ሲለጥፍ ነበር?»

«በዓይኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ዮስ፣ እንዲህ ይቻላል?»

ዮስ ጭንቅላቱን አከከ። «ጌታዬ፣ ማኖሊስ ወርቅ ሲይዝ እኔ ጓሮ ውስጥ ሆኜ እንኳ አላስነጥስም። መስኮቱን ይዘጋል፣ በሩን ይዘጋል፣ አፉን ይዘጋል። ሲሳደብ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ይሄን ወርቅ የነካ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው በሕይወቱ ያልነካው፣ የነኩትንም የሚንቅ ሰው ነው። የተናቀ ሥራ ቀላል ይመስላል። ሎዶቪኮ ውሸቱን ሲፈጥር የራሱን አሠራር ሰጠው፤ ዘይት ቀለም የሚቀባ ሰው እየዘፈነም እየተሳደበም ይቀባል። ራሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለጥፍ በነፋስ ውስጥ ለጠፈው፣ ይኸው ተጨማደደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ይሄ ወሬ ነው» አለ ሎዶቪኮ። ድምፁ አልተለወጠም። «የት አይታችሁኝ ነው?»

«አላየንህም። የአንተ ዘይት ግን አይቶሃል።» ቪዳል ጨርቁን ገፈፈና የነጋዴውን ሥዕል ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

ጥቁሩ ካባ ውስጥ ኮከብ የወጣ ይመስል ነበር። ደቃቅ የወርቅ ብናኝ፣ ገሚሱ ላይ ላዩን፣ ገሚሱ በብሩሽ ተቀብቶበት። ቪዳል በመርፌ ጥቁሩን ቀለም ቢገልጠው ከሥሩ ሌላ ብናኝ አብረቀረቀ።

«ዛሬ የወደቀ አይደለም፣ ቀለሙ ውስጥ ተቀብሯል። በተዘጋ በር ነፋስ ከታች አላወጣውም። የዮስም እርጥብ ሥዕል ይኸው፣ ነፋስ ባለበት ጓሮ ነበር፣ ምንም የለበትም። ከእጅጌህ ረገፈ። ‹ካባ ስቀባ አመሸሁ› ለማለት ወጥተህ ቀባህ፣ ስለጨለመ ብናኙን አላየኸውም፤ ዛሬም ብርሃን ከጎን ካልመታው አይታይም። የግሪኩ እንቁላል ቢሆን ኖሮ ደርቆ አይቀበለውም ነበር።»

ዮስ ወደ ሥዕሉ ተጠጋና «የእኔ ተማሪ» አለ ቀስ ብሎ። «ብርሃን ሳይኖር ጥቁር አትቀባ አላልኩህም?»

ሎዶቪኮ ሥዕሉን ሳይሆን ኦርሶላን አየ።

«የእኔዋ ማርያም ፊቷ ሕይወት ነበረው» አለ። «ሁለት ክረምት የሠራሁት ፊት ነው። ድስት ላይ እንዳረረ ወጥ ፋቀው። ማታ ላናግረው ወረድኩ፣ ለማነጋገር ብቻ። እሱ ግን ያቺን ባዶ ሳንቃ እያየ ‹አየህ፣ ይህቺ ገና ሳትሣል ታሰግዳለች› አለኝ። መጁ እጄ ላይ ነበር። መጀመሪያ ሲወድቅ እንኳ ማርያምን ነበር የሚያየው።»

ቀጥሎ የሆነው ቶሎ ሆነ። መፋቂያ ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሎዶቪኮ አንሥቶት ወደ መርማሪው ሳይሆን ወደ ማኖሊስ ዘለለ። ግሪኩ በደመ ነፍስ ክንዱን ሊያነሣ ሞከረ፤ አልተነሣም። ካሊ በመካከል ገብታ በጥርሷ አንጓውን ያዘችው፣ ብረቱ ጠጉሯን ከነቆዳው ገፍፎ አለፈ። ቪዳል ብረቱን በባዶ እጁ ጨበጠው። ስለቱ መዳፉን በልቶ ወጣ። ዮስ ከኋላ በወንበር መታውና ወንበሩ ተሰበረ፣ ልጁ ግን አልወደቀም፤ ዞርዚ በዱላው ጉልበቱን ሲሰብረው ብቻ በማስትሮው የረጋ ደም ላይ በፊቱ ተደፋ። አጥንቱ ሲሰበር የሰማ ሁሉ ፊቱን አዞረ። እየጎተቱ ሲያወጡት ከውጭ ያለው ሕዝብ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ይደበድበው ጀመር።

ዳኛው መሐረቡን ወደ ኪሱ ከተተ። «ሰንሰለቱን ፍቱለት» ብሎ ወጣ።

ቪዳል የተተለተለ መዳፉን በኦርሶላ ሽርጥ እየጠቀለለ ማኖሊስን አየው። ሰውየው ወደ በሩ አልሄደም። ወደ ሳንቃው ተጠግቶ ወርቁን ያጤናል።

«ይሄንን ነው የእኔ ነው ያላችሁት?»

«እኛ ምን እናውቃለን» አለ ዞርዚ።

«ጠዋት ብታሳዩኝ ኖሮ ገመዱ ባላስፈለገ። እንዲህ ያለ ሥራ የእኔ ነው ብዬ በምንም ገመድ አላምንም ነበር።» ወለሉ ላይ ወደ ወደቀው መፋቂያ ጎንበስ አለ። ጣቶቹ ብረቱን ነኩት፣ ክንዱ ግን አላነሣውም። ደገመ። ላብ ከግንባሩ ወረደ። ሦስተኛ አልሞከረም።

«ይመለሳል» አለ ዮስ። «በጋ ሲሆን ይመለሳል።»

«አንተ ሐኪም ነህ?»

ዮስ የተሰበረውን ወንበር ይለቅም ጀመር።

ካሊ ራሷን በነጠላዋ አስራ ብረቱን አነሣችው። በቀሚሷ ጠረገችው። «ከየት ልጀምር?» አለች።

«ቤት እንሂድ፣ ካሊ።»

«ነገ ሰው ይሄን አይቶ ማኖሊስ የለጠፈው ነው ይበል? ከየት ልጀምር?»

ባልየው ተነፈሰ። «ከጠርዙ። ብረቱን አስተኚው። ጀሶውን እንዳትነኪ።»

መፋቅ ጀመረች። ወርቁም፣ ሸክላውም፣ ከሥሩ ያለው ደምም አንድ ላይ እየተንከባለለ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ብረቱ ጠለቀባትና ነጩን ቧጨረችው፤ ማኖሊስ ጥርሱን ነክሶ «ገደልሽው፣ ገደልሽው» አለ።

«ከወህኒ በወጣህ በሰዓቱ ትቆጣኛለህ?»

«እጅሽ ከባድ ነው» አለ። ጠጋ ብሎ አገጩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈና መስመሩን በዓይኑ ተከተለ። «ግን ይማራል።»